ሁለት ጾምና አንድ ዋንጫ

የካቲት 13 ቀን 1952፣ እሑድ፣ የቅበላ ዕለት

ጥሎ ማለፉ ዛሬ ተጀመረ። ገንደ ቆሬን አራት ለአንድ። ከአሥራ ስድስቱ ቡድን ስምንቱ ወደየቤቱ ሄደ፤ እኛ ለገሃሬዎች አለን። ይህን ደብተር የገዛሁት አሰላለፍ ልጽፍበት ነበር። አሰላለፉን በቃሌ ስለማውቀው ሌላ ሌላውን እጽፍበታለሁ።

ከአራቱ ሦስቱን ያገባው አብዱላሂ ነው። በግራ ክንፍ ሲሮጥ የሌላውን ሰው ቁርጭምጭሚት የሚይዘው አሸዋ ለእሱ አስፋልት ነው። አባቱ ወርሳሜ በባቡሩ መጠገኛ፣ በአትሊዬው፣ ከእኔ ቶርኖ፣ ከብረት መቅረጫው፣ አጠገብ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ ወባ የወሰደው ጓደኛዬ ነበር። ስለዚህ ልጁ «አዴር» ይለኛል፤ በሶማልኛ የአባት ወንድም ማለት ነው። ቀን ቀፊራ ገበያ ጆንያ ይሸከማል፣ ከጆንያው ሥር ወጥቶ ወደ ሜዳ ይመጣል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ለእኔ ግን ዛሬም ወርሳሜ ትከሻ ላይ ተቀምጦ አትሊዬ በር የሚመጣው ነው የሚመስለኝ።

ቡድኑን እያሠለጠንሁ ሁለት ጊዜ ፍጻሜ ደርሼ ሁለቱንም ተሸንፌአለሁ። ሰፈሩ ስሜ ክፍሉ መሆኑን ከረሳ ቆየ። «ሰኮንዶ» ነው የሚሉኝ፤ ጣልያን ጥሎት ከሄደው ቃል ውስጥ ሁለተኛ የሚለውን መርጠው። ዛሬም አንዱ ከሜዳው ዳር «ሰኮንዶ፣ ዘንድሮስ?» አለኝ። ሳቅሁለት። ድሬ ውስጥ በቅጽል ስሙ የተቆጣ ሰው ሌላ ይጨመርለታል።

ባለቤቴ ዘርፈሽ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ከነገ ጀምሮ ሁዳዴ ነው።

የካቲት 20፣ እሑድ

ትናንት ማታ ጨረቃ ታየች ተብሎ ዛሬ ረመዳን ገባ። ሁዳዴና ረመዳን ዘንድሮ ገጠሙ። ከአሥራ አንዱ ልጆቼ ሰባቱ እስላም፣ አራቱ ክርስቲያን ናቸው። በሥራ ቀን አራቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰባቱ እስከ ጀንበር መጥለቂያ እህል አይቀምሱም። ልምምድ ላይ የጠገበ ሰው የለኝም ማለት ነው። አምበላችንና በረኛችን ዓብዱልአዚዝ፣ ዳኛው ፈረንጅ ስለሆነ ከዚህ ወዲያ ሜዳ ላይ ምሳ የበላ ሰው እሱ ብቻ ነው ብሎ አሳቀን።

ስቄ ስጨርስ ግን ቀኖቹን ቆጠርሁ። ሩብ ፍጻሜው፣ ግማሽ ፍጻሜው፣ ፍጻሜው፣ ሦስቱም ረመዳን ውስጥ ይውላሉ።

የካቲት 27፣ እሑድ

አንድ ለዜሮ። አፈተ ኢሳ ወጡ። አለፍን።

ደስ አላለኝም። በአሥር ሰዓት ፀሐይ አሸዋው ገና ይፋጅ ነበር። አብዱላሂ እስከ እረፍት ደህና ነበር፤ ከእረፍት በኋላ ኳስ ይዞ ዞር ሲል ጉልበቱ ከዳውና ተቀመጠ። ሰው አልነካውም። ብቻውን ተቀመጠ። ሮጬ ገባሁ። ውኃ ራሱ ላይ አፈሰስሁበት፤ ከንፈሩን አንዲት ጠብታ እንዳትገባ ጥርቅም አድርጎ ይዞ ነበር። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ደህና ነኝ፣ አዴር» አለኝ በጥርሱ መሐል። ደህና አልነበረም። ጎሏም ከኮርነር ተሻምታ የአፈተ ኢሳው ተከላካይ ጉልበት ገጭታ የገባች ናት። በእኛ ጉልበት አይደለም ያለፍነው።

የካቲት 28፣ ሰኞ

ዕጣ ወጣ። ግማሽ ፍጻሜ ከሐረር፣ ሐረር ላይ። መጋቢት 11።

ፍጻሜው እንኳ ከኢድ በኋላ ይሁንልን ብዬ ኮሚቴውን ለመንሁ። በክብር የተጠሩት እንግዶች ቀን አስቀድሞ ተቆርጧል አሉኝ። አንደኛው ሲወጣ ለጓደኛው «ሰኮንዶ ካሁኑ ሰበብ ይሰበስባል» ሲል ሰማሁት። ሰበብ አይደለም። የልጁን ከንፈር ያየሁት እኔ ነኝ።

መጋቢት 2፣ ዓርብ

አብዱላሂ አትሊዬ በር ላይ ጠበቀኝ። ለወትሮው እየሳቀ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ መሬት መሬት ያያል። ብዙ ዞሮ ዞሮ ነገሩን አወጣው። መንገደኛ ጾም ሊፈታና ቀኑን በኋላ ሊከፍል እንደሚችል ሰምቷል። የሐረር መንገድ ጉዞ ይባል እንደሆነ የመጋላው ሼህ ዲሪዬ ያውቃሉ። ግን ሄዶ መጠየቅ አፈረ። አባቱን ቁርዓን ያስቀሩት፣ አባቱን የቀበሩት እሳቸው ናቸው።

«ለኳስ ብሎ ጾሙን ሊያስፈታ መጣ ይሉኛል። ትልቅ ሰው ይላካል እንጂ እኔ እንዴት እሄዳለሁ? አዴር፣ አንተ ሂድልኝ። እሳቸው እሺ ካሉ እበላለሁ፤ እምቢ ካሉ ደግሞ እንደሆንሁ እሆናለሁ።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ አልሁት። «አንተ የአባቴ ሰው ነህ» አለኝ።

በዕርቅም በጋብቻም ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ቤት ሄጃለሁ። ለሆድ ስላክ የመጀመሪያዬ ነው ብዬ ልቀልድ አሰብሁና ተውሁት። ፊቱ ለቀልድ አይመችም ነበር።

መጋቢት 5፣ ሰኞ

ከሥራ ስወጣ ደረቁን ወንዝ፣ ደቻቱን፣ ተሻግሬ መጋላ ሄድሁ። ሼህ ዲሪዬ ደጃፋቸው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። አክብረው ተቀበሉኝ፤ ወርሳሜን አንስተን ትንሽ አዘንን። ጠየቅኋቸው።

መልሳቸውን ለመጻፍ ዛሬ ደክሞኛል። ጥሩ ሰው ናቸው። ጥሩ ሰው ግን ኳስ ሜዳ ምን እንደሚመስል ላያውቅ ይችላል።

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ

ቶርኖው ላይ ሁለት ብሎን አበላሸሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ በአንድ ቀን ሁለት አበላሽቼ አላውቅም። አለቃችን አቶ ወልደማርያም ሐሳብህ ሐረር ሄዷል ወይ አለኝ።

ለአብዱላሂ ነገርሁት።

መጋቢት 8፣ ሐሙስ

እስካሁን እንዲህ ተስፈንጥሮ ሲለማመድ አላየሁትም። ሸክም ከትከሻው የወረደለት ሰው ነው የሚመስለው። እጄን ሁለቴ ሳመ፤ አንዴ በራሱ፣ አንዴ በእናቱ ስም።

ለማንም እንዳይናገር አስጠንቅቄዋለሁ። ፈቃዱ ለእሱ ብቻ ነው፣ ከጉዞውም በላይ የሸክም ሥራውን አይተው ነው፣ ሌሎቹ ከሰሙ ሁሉም እኔም እኔም ይላሉ አልሁት። አመነኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከየት እንዳመጣሁት ለራሴም ገረመኝ።

ደግሞስ ምን ጠፋ? አንድ ቀን ነው። ቀኑን በኋላ ይከፍላል፤ ያው ነው። በረሃብ ወድቆ ጭንቅላቱ ቢፈነዳ ለእናቱ ለሃዎ ምን ልላት ነበር? ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም።

መጋቢት 11፣ እሑድ፣ ሐረር

ሦስት ለሁለት። ፍጻሜ ገባን። አብዱላሂ ሁለት። ስንመለስ ጽፌዋለሁ፣ መኪናው ሊነሣ ነው።

እዚያው ዕለት፣ ቤት

ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ በጭነት መኪና ተነሣን። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ልጆቹ ዘፈኑ፤ ከላይ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ዝም አሉ። እኩለ ቀን ላይ ሌሎቹ ግንብ ጥላ ሥር ተጋድመው ሳለ አብዱላሂን ከመኪናው ኋላ ወሰድሁት። ቴምርና እናቱ በቅል የላከችውን የግመል ወተት ሰጠሁት። እናቱ ለማታ ማፍጠሪያ ብላ ነበር የላከችው። ወዲያና ወዲህ አየ። «ቢስሚላህ» ብሎ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ቴምር ጉንጩ ውስጥ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወተቱን ጠጣ።

ቀና ስል ዓብዱልአዚዝ ከመኪናው ጫፍ ቆሞ ያያል። ወደ ግንቡ ጥላ ተመለሰ።

ጨዋታውን ምን ብዬ ልጻፈው? ሐረሮች ኳስ ያውቃሉ፤ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሁለት አገቡብን። ሌሎቹ ሲደክሙ አንዱ ግን አልደከመም። አብዱላሂ አንዱን በግራው፣ ከእረፍት በኋላ ሁለተኛውን በቀኙ አገባ። ሦስተኛዋ ሪጎሬ ናት፤ ተጠልፎ የወደቀው እሱ ነው፣ የመታት ዓብዱልአዚዝ ነው። በረኛ ሆኖ ሪጎሬ የሚመታ የኛ ብቻ ነው። አግብቶ ወደ ጎሉ ሲመለስ በአጠገቤ አለፈ፤ አልሳቀም።

ስንገባ ለገሃሬ ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው፤ ሰው ትከሻ ላይ ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት ያልፋል። ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ ልጻፈው።

መጋቢት 12፣ ሰኞ

ዘርፈሽ ሽሮውን እያቀረበች፣ ያ የሃዎ ልጅ እንዴት ጾሞ ይህን ሁሉ ሮጠ ብላ ጠየቀችኝ። ሼሁ ፈቀዱለት አልኋት።

«ደግ ሰው ናቸው። የኛ ቄስ ቢሆኑ እንኳን ለኳስ ለሞትም አይፈቅዱ» አለች።

የጠቀለልሁትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስሁት።

ማታ አብዱላሂ መጣ። ሼህ ዲሪዬ ዘንድ ሄዶ ጉልበታቸውን ስሞ ሊያመሰግን ነው። አሁን አይሆንም፣ ምስጋና ባዶ እጅ አይሆንም፣ ዋንጫውን በልተን ዋንጫውን ይዘን ሁለታችን አብረን እንሄዳለን አልሁት። ሐሳቡን ወደደው። እንዲያውም ጨበጠኝ።

አሁን ምን አደረግሁ? የፍጻሜውን ማግስት ራሴ ቀጠርሁ።

መጋቢት 14፣ ረቡዕ

ዓብዱልአዚዝ ከልምምድ በኋላ ኳሱን አቅፎ ቀረ። ሐረሬ ነው፤ አባቱ መጋላ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ከሁላችን በላይ ቁርዓን የቀራ እሱ ነው። መንገደኛም ቢሆን ጾሙን የሚተው ከንጋት በፊት ከአገሩ የወጣ ነው ብሎ፣ ኪታብ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብሎ ነገረኝ። እኛ የወጣነው ፀሐይ ሞቃ ነው። ሼህ ዲሪዬ ደግሞ ይህን ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመንደር ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው።

ምን ልትለኝ ነው አልሁት።

«ምንም አልልህም፣ ጋሽ ክፍሉ። አልጠይቅህም። ከጠየቅሁህ አውቃለሁ፤ ካወቅሁ ደግሞ እሑድ ጎል ላይ መቆም አልችልም። ዋንጫውን እኔም እፈልገዋለሁ፣ አቦ።»

ኳሱን ሰጥቶኝ ሄደ። ከሌባ ጋር አብሮ የሮጠ ሰው ትንፋሹ የሌባ ነው ይላሉ አሉ። ማን እንደሚለው አላውቅም፤ ምናልባት እኔ ነኝ አሁን ያልሁት።

መጋቢት 15፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ሳልሸሽ ልጻፍ።

ሃዎ አትሊዬ በር ላይ በቅል ወተት ይዛ ጠበቀችኝ። ቀፊራ ውስጥ ከግመል ባለቤቶቹ እየተረከበች የምትሸጠው ነው። በሰባራ አማርኛዋ ወተቱ ለሼህ ዲሪዬ ማፍጠሪያ መሆኑን፣ ልጇ ከሐረር መልስ ፈቃዱን ስለነገራት፣ ስላሰቡለትም ራሷ ልታደርስ መጋላ እየሄደች መሆኑን ነገረችኝ። እኔ ወደዚያው ነኝ፣ ፀሐይ ናት፣ እኔ ላድርስልሽ ብዬ ቅሉን ከእጇ ተቀበልሁ። ባረከችኝ። እጆቼን ይዛ ባረከችኝ።

ደቻቱ ላይ ስደርስ ቆምሁ። አሸዋው ደረቅ ነው፤ አንድ ቅል ወተት በአንድ አፍታ ይጠጣል፣ ማንም አያይም። ቅሉን እስከ ማዘንበል ደርሼ ነበር። የጓደኛዬ ሚስት በጾም አፏ የላከችውን ወተት መሬት ላይ ላፈስ። አላፈሰስሁትም። ተሸክሜው ሄድሁ።

ሼሁ ብቻቸውን ነበሩ። ሃዎ ናት የላከችው አልሁና ለምን እንደላከችው አልተናገርሁም። ዱዓ አደረጉላት። ከዚያ «ያ ልጅ እንዴት ነው? ጾሙን ቻለው?» አሉኝ።

«ችሎታል» አልሁ።

«ካንተ ጋር ከተነጋገርን ወዲህ በየሰላቱ እያነሣሁት ነው። አላህ ያበርታው እያልሁ። እምቢ ያልሁት ጨክኜ አይደለም።»

ያን ዕለት ያሉትን አሁን እጽፈዋለሁ። ሁለት ቀን በግመል የሚያስኬድ መንገድ ነው ጉዞ የሚባለው ብለው ነበር። «ከሐረር መንገድ ጠዋት የተቆረጠ ጫት ሳይጠወልግ ድሬ ገብቶ ይቃማል። ቅጠል ያልደከመበትን መንገድ ሰው ደከመኝ ሊል ነው?» ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ ልጁ እውነት የሚወድቅ ከሆነ አታጫውተው፣ ከአሥራ አንድ አንዱ ቢቀር ዓለም አይጠፋም አሉኝ። የሰማሁት ይህን ነው። ይዤ የተመለስሁት ግን ሌላ ነው።

የተላክሁ ሰው ነኝ። ሽማግሌ የሚላከው እኮ ቃል እንዳያጠፋ ነው።

መጋቢት 16፣ ዓርብ

ልምምድ። ነፋስ። የአዋሽ ቡድን ነገ በባቡር ይገባል፤ በግማሽ ፍጻሜው አምስት አግብተው ነው ያለፉት አሉ።

አብዱላሂ ለፍጻሜው ፈቃድ እንድጠይቅለት አልፈለገም። ድሬ ቤቱ ነው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ መንገደኛ ነኝ አይልም። የሐረሩም ቀን ቢፈቀድለትም ሲበላ አፍሮ ነበር። እንዲያ አለኝ።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ልጆቹ መጡ።

መጋቢት 17፣ ቅዳሜ

ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ቀፊራ ሁለት ጊዜ ሄድሁ። መጀመሪያ ጆንያ ተሸክሞ ነበር፤ ሰው ጀርባው ላይ ኩንታል ይዞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም። ሁለተኛ ስሄድ ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር፤ ለነገ ጉልበት ይቆጥባል ብዬ ተውሁት። ተሸክሞም አይነገረውም፣ ተኝቶም አይነገረውም። መቼ ነው የሚነገረው ታዲያ?

እውነቱን ልናገር። ከነገርሁት ነገ አይጫወትም ብዬ ነው የፈራሁት። ስለ ልቡ አይደለም። ስለ ግራ እግሩ ነው።

ዘርፈሽ ምን ያቃስትሃል ትለኛለች። ፍጻሜ ነው አልኋት። ላለፉት ሁለት ፍጻሜዎች እንዲህ አላቃሰትህም አለች።

መጋቢት 18፣ እሑድ

በላን። ሁለት ለአንድ፣ በተጨማሪ ሰዓት። ዋንጫው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከዘርፈሽ ማሰሮ ያንሳል።

ሜዳው ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ሰው ዛፍ ላይ፣ ግንብ ላይ፣ የጭነት መኪና ጣራ ላይ። አዋሾች በሃያኛው ደቂቃ አገቡብን። ከኋላዬ «ሰኮንዶ ጀመረው» የሚል ሰማሁ። ዓይኔን ከአብዱላሂ ላይ አላነሣሁም። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ እግሩን እንጂ ኳሱን አላየሁም፤ ይወድቃል፣ አሁን ይወድቃል እያልሁ። ልብሴን ብትጨምቁት ባልዲ ይሞላ ነበር።

አልወደቀም። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር ከቀኝ የተሻማችውን በግንባሩ አስተካከለ። ሁለተኛዋን በተጨማሪው ሰዓት፣ ፀሐይ ከተራራው ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ከመሐል ሜዳ ጀምሮ ሦስት ሰው አልፎ አገባት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጠብታ ውኃ በአፉ ያልገባ ሰው ነው። ሐረር ላይ ወተት ጠጥቶ ከሮጠው ዛሬ በባዶ ሆዱ የሮጠው ይበልጣል።

ስለዚህ ያ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። ሜዳው መሐል ሰው ሲያቅፈኝ፣ ሲያነሣኝ፣ የማስበው ይህንን ብቻ ነበር። ይችል ነበር። ሼሁ ያበርታው እያሉ ነበር፣ በርትቶ ነበር። ያልበረታሁት እኔ ነኝ።

ፊሽካው ሲነፋ አዛን ተሰማ። ሰባቱ እዚያው አሸዋው ላይ ተቀምጠው አፈጠሩ። ጥቂት ቆይቶ ከመጋላ በኩል ጩኸት መጣ፤ ጨረቃ ታይታለች፣ ነገ ኢድ ነው። አብዱላሂ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣና በጆሮዬ፣ ነገ ጠዋት ከሰላት በኋላ ሼሁ ጋ ነን አለኝ። ቡድኑ ሁሉ ይምጣ አልሁት። አይሆንም አለ። የላከው እኔን ስለሆነ የምናመሰግነው ሁለታችን ነን።

መጋቢት 19፣ ሰኞ፣ ኢድ

ከአትሊዬ ፈቃድ ወሰድሁ። ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ ሽርጥና ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ዋንጫውን እሱ ያዘ። ደቻቱን ስንሻገር የሚያገኘን ሁሉ ያቅፈናል፤ እሱን ኢድ ሙባረክ፣ እኔን እንኳን ደስ ያለህ ይላል። በመንገዱ ሁሉ ልነግረው ነበር። ድልድዩ ጋ፣ ከዚያ ሱቁ ጋ፣ ከዚያ የመስጊዱ ማዕዘን ጋ። በየቦታው አንድ ሰው መጥቶ አቀፈን፣ እኔም በየቦታው ሰውየውን አመሰገንሁት።

የሼሁ በር ጋ ደረስን። ዋንጫውን በግራ እጁ አቅፎ በቀኙ ሊያንኳኳ ሲል ክንዱን ያዝሁት።

«አልፈቀዱም» አልሁት።

ማን አለኝ፤ ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነበር።

«ሼሁ። ያኔ። ሐረር ጉዞ አይባልም፣ አይበላም አሉኝ። ፈቀዱ ያልሁህ እኔ ነኝ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሆነ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሚፈልግ ሰው ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

«መኪናው ኋላ ወተቱን አብረን እንጠጣ ብዬ ስሰጥህ ለምን አልጠጣህም?»

ያን በዚያ ዕለት አልጻፍሁትም። ግማሹን ከጠጣ በኋላ ብቻውን መጠጣት ከብዶት ቅሉን ዘርግቶልኝ ነበር። እኔም መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ። ሳላስበው ያደረግሁት ነው፤ ክርስቲያን ሰው በሁዳዴ ወተት ሲሰጡት የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት።

«ጾም ነበርሁ» አልሁት።

ራሱን ዝቅ ከፍ አደረገ። ዋንጫውን ክንዴ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳይወድቅ ሁለተኛውን እጄን አንሥቶ ሥሩ አደረገልኝ። ከዚያ ወደ ደቻቱ ቁልቁል ሄደ። መጠራት ይገባው እንደሆነ አላወቅሁም፤ በምን አፌ እንደምጠራውም አላወቅሁም።

ውስጥ ድምፃችንን ሰምተው ኖሮ በሩ ተከፈተ። ሼህ ዲሪዬ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። መጀመሪያ ዋንጫውን አዩ፣ ቀጥለው እኔን፣ ከዚያ ከኋላዬ ባዶውን መንገድ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ።